ቤቱን ነው ወይስ ዕቃውን? የግል ስብስብ የያዙ የጃፓን ሙዚየሞችን ለመምረጥ

ለሥልጠና ወይም ለትምህርት ጃፓን የሚሄዱ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «አንድ ነፃ ቀን አለኝ፣ የትኛውን ሙዚየም ልይ?» ይሉኛል። በቶኪዮ ኡዌኖ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም የመሰሉትን ትልልቆቹን ማንም ይጠቁማችኋል። እኔ ሁልጊዜ የምልከው ወደ ትንንሾቹ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በፍቅር የሰበሰበውን ዕቃ ይዘው እዚያው ሰውየው በኖረበት ቤት ወይም ግቢ የተከፈቱ ሙዚየሞች አሉ፤ ጃፓን በእነዚህ በጣም ሀብታም ናት።

ብዙ ስለሆኑ አምስቱን ብቻ ላነጻጽር። ቶኪዮ ውስጥ ኔዙ እና ሚንጌይካን፣ ኪዮቶ ውስጥ የካዋይ ካንጂሮ ቤት፣ በኪዮቶና በኦሳካ መካከል ኦያማዛኪ ቪላ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ሺማኔ ክፍለ ሀገር ያለው አዳቺ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። ማየት የምትፈልጉት ዕቃውን ነው ወይስ ቤቱን? ይህን ሳይወስን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ብሎት ይመለሳል። «የሰብሳቢው መኖሪያ የነበረ» የሚል አንብቦ፣ ታታሚ የሚባለው የገለባ ምንጣፍ የተነጠፈበት የድሮ የእንጨት ቤት አገኛለሁ ብሎ ይሄድና አዲስ የመስታወት ሕንፃ ይቀበለዋል። ሌላው ደግሞ ዝነኛ ሥዕል ፍለጋ ሄዶ፣ ወንበርና የሳሎን ምድጃ ያለበት ጸጥ ያለ ቤት ገብቶ «ይኸው ነው እንዴ?» ብሎ ይወጣል። ሁለቱም ጥሩ ቦታ ነው የሄዱት፤ ተለዋውጠው ነው እንጂ።

ከኔዙ ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስለ እሱ ነው። ኔዙ ካይቺሮ (1860–1940) የቶቡ የባቡር ኩባንያን የመራ ነጋዴ ነበር። አኦያማ ላይ ቦታውን የገዛው በ1906 ነው። እዚያው ቤት ሠራ፣ የአትክልት ቦታ አበጀ፣ የሻይ ሥነ ሥርዓት የሚካሄድባቸው ጎጆዎች አቆመ። እሱ ሲሞት ልጁ ስብስቡን ሳይበትን ለሕዝብ እይታ እንዲውል አደረገ፤ ሙዚየሙም በ1941 ተከፈተ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሜይ 1945 የአየር ድብደባው ቤቱንም ጎጆዎቹንም አነደዳቸው። ዕቃዎቹ ቀደም ብለው ከከተማው ወጥተው ስለነበር ተረፉ።

ስለዚህ ኔዙ ስትሄዱ የምታዩት ቤቱ ነዶ ዕቃው የተረፈበትን ቦታ ነው። የአሁኑን ሕንፃ የነደፈው አርክቴክት ኩማ ኬንጎ ነው፤ የተከፈተው በ2009። መግቢያው ራሱ አንድ ነገር ነው። ከመንገዱ ጫጫታ ወጥታችሁ፣ በአንድ በኩል ቀርከሃ በተተከለበት፣ ከላይ የጣሪያው ክንፍ ዝቅ ብሎ በሚጋርዳችሁ ረጅም መተላለፊያ ትሄዳላችሁ፣ በሩ ጋ ስትደርሱም ከተማው ከጆሯችሁ ጠፍቷል። አካባቢው እኮ የቶኪዮ ውድ ፋሽን ሱቆች የተደረደሩበት ሰፈር ነው!

ስብስቡ ከ7,000 ዕቃ በላይ ነው። ጃፓን «ብሔራዊ ቅርስ» ብላ በሕግ የመዘገበቻቸው 7 ሥራዎች እዚህ አሉ። ከእነሱ አንዱ የኦጋታ ኮሪን የአይሪስ አበባ ሥዕል ነው፤ በወርቅ ቅጠል በተለበጡ ሁለት ተጣጣፊ ግርዶሾች ላይ በሰማያዊና በአረንጓዴ ብቻ የተሣለ፣ ውኃ ሳይታይበት ውኃ የሚታያችሁ ሥራ። ሁልጊዜ አይወጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው፤ በዚያው ሰሞን እውነተኛው አይሪስ በግቢው ኩሬ ዳር ያብባል። ሥዕሉን አይታችሁ ወጥታችሁ አበባውን ማየት ማለት ነው። ጉዟችሁ በዚህ ሰሞን ከዋለ አታመንቱ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ኔዙ ሂዱ። በሌላ ጊዜ ከሆነ ግን ዋናው ነገር የአትክልት ቦታው ነው፤ ወደ 17,000 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ በዛፎቹ መሐል የድንጋይ ፋኖሶችና ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የተሠሩ የሻይ ጎጆዎች አሉ። በግቢው ውስጥ ያለው ካፌም ጥሩ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ሰልፍ ይበዛዋል። በማሳያ ክፍሎቹ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ትኬቱ በኢንተርኔት ሰዓት ተመርጦ የሚያዝ ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ።

ሚንጌይካን ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከአምስቱ ሰብሳቢዎች እኔ ልቤ ያለው እዚህ ያለው ላይ ነውና።

ያናጊ ሶኤትሱ (1889–1961) እንደ ኔዙ ሀብታም ነጋዴ አልነበረም። ፍልስፍና የተማረ ጸሐፊ ነበር። በወጣትነቱ እሱና ጓደኞቹ ለፈረንሳዊው ቀራጺ ሮዳን የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥዕሎች ልከውለት፣ እሱም በምላሹ ትንንሽ የነሐስ ቅርጾች ላከላቸው። በ1914 አሳካዋ ኖሪታካ የሚባል በኮሪያ የሚኖር መምህር እነዚያን ቅርጾች ለማየት ያናጊ ቤት መጣ፣ እጅ መንሻ ይዞ። ያመጣው ጎኖቹ የተጠረቡ፣ በሰማያዊ ቀለም የመስክ ሣር የተሣለበት አንድ ትንሽ የኮሪያ ነጭ የሸክላ ማሰሮ ነበር። ያናጊን ከዚያ በኋላ የያዘው ማሰሮው ነው። ኮሪያ ደጋግሞ ተመላለሰ፣ በ1924 ሴኡል ውስጥ የኮሪያ የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ፤ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘፋኝ የነበረችው ባለቤቱ ካኔኮ ኮንሰርት ታቀርብ ነበር። «ሚንጌይ» የሚለውን ቃል እሱና ሸክላ ሠሪ ጓደኞቹ ሐማዳ ሾጂ እና ካዋይ ካንጂሮ የፈጠሩት በ1925 ነው። «የሕዝብ ጥበብ» እንደማለት ነው። ስሙ ያልታወቀ እጅ ለዕለት ሥራ የሠራው ጎድጓዳ ሳህን፣ ብርድ ልብስ፣ ቅርጫት፣ ከፊርማ ሥዕል የማያንስ ውበት አለው ይላል። ጀበናንና ሞሰብን እያየ ላደገ ሰው ይህ ሐሳብ ባዕድ አይደለም።

ሙዚየሙ የተከፈተው በ1936 ነው፤ ለሕንፃው ትልቁን ገንዘብ የሰጠው የኩራሺኪው ባለሀብት ኦሃራ ማጎሳቡሮ ነው። ንድፉ በአብዛኛው የያናጊ የራሱ ሐሳብ ነበር። ገና ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ። ከፊታችሁ በሁለት ወገን የሚወጣ ሰፊ የእንጨት ደረጃ አለ፤ ወለሉ ይንቋቋል፣ የእንጨቱ ሽታ ያውዳል። ወደ 17,000 የሚጠጉ ዕቃዎች አሉት፤ በየጊዜው ጥቂቱን ነው የሚያወጡት። የኦኪናዋ ጨርቅ፣ የኮሪያ ገንቦ፣ በሰሜን ጃፓን የሚኖረው የአይኑ ሕዝብ ልብስ፣ ሞኩጂኪ የሚባል ተቅበዝባዥ መነኩሴ የጠረባቸው ፈገግ ያሉ የእንጨት ቅርጾች። ማብራሪያ የለም ማለት ይቻላል። ከጎን የምታገኙት በጥቁር ላይ በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈች አጭር መለያ ናት። ያናጊ ይህን ያደረገው ሆነ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ እዩ፣ ማወቅ ይከተላል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ ማንበብ የምትወዱ ከሆነ እዚህ ትቸገራላችሁ። ዝም ብሎ ማየት ለምትወዱ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቤቱስ? ከመንገዱ ማዶ ነው። ያናጊ ከ1935 ጀምሮ እስኪሞት የኖረበት ቤት «የምዕራብ ክፍል» ይባላል። የድንጋይ ጣሪያ ያለው ግዙፍ የበር ቤት አለው፤ ከቶቺጊ ክፍለ ሀገር ነቅሎ አምጥቶ ነው እዚህ የተከለው። ውስጡ የጥናት ክፍሉ አለ፣ ካኔኮ የምትለማመድበት ክፍል አለ። ችግሩ ይህ ቤት ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ኤግዚቢሽን ባለበት ጊዜ በወር 4 ቀን ብቻ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ረቡዕ እና ቅዳሜ። ይህን ሳያውቁ ሄደው በሩን ከውጭ አይተው የተመለሱ ስንቶች ናቸው! ምርጫችሁ ሚንጌይካን ከሆነ ቀናችሁን በዚህ ልክ ቁረጡ።

እስካሁን ባልነው ስሌት ኔዙ ዕቃው ኖሮ ቤቱ የነደደበት ነው፣ ሚንጌይካን ዕቃውና ቤቱ ፊት ለፊት የቆሙበት። ኪዮቶ ያለው የካዋይ ካንጂሮ ቤት ደግሞ ቤቱ ራሱ ዕቃው ነው።

ካዋይ (1890–1966) ከላይ የጠቀስኩት ሸክላ ሠሪ ነው። የተወለደው ሺማኔ ውስጥ ያሱጊ በምትባል ከተማ ነው። ኪዮቶ ያለው የቀድሞ ቤቱ በ1934 አውሎ ነፋስ ሲጎዳ አዲሱን ራሱ ነደፈ፤ አናጺ የነበረው ወንድሙ ከያሱጊ መጥቶ ገነባው፣ በ1937 አለቀ። በመሐል ወለል ተነድሎ የሚነድ የቤት ውስጥ ምድጃ አለ፣ ዙሪያውን ከእህል ሙቀጫ ተጠርበው የተሠሩ ወንበሮች። መቀመጥ ይቻላል! እዚያ ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት ዝም ማለት የዚህ ቤት ጉብኝት ዋናው ክፍል ነው እላለሁ። ግቢው ውስጥ አንድ ክብ ድንጋይ ታያላችሁ። ጓደኞቹ ለአዲሱ ቤት የድንጋይ ፋኖስ ሊሰጡት ሲሉ፣ ፋኖሱ ይቅርና ክብ ድንጋይ ስጡኝ ብሎ ያገኘው ነው ይባላል።

ከጓሮ ደግሞ ትልቁ ነገር አለ። ዳገት እየወጣ የሚሄድ፣ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ የሸክላ መተኮሻ እቶን። እሳቱ ከታች ይለኮስና ሙቀቱ ከክፍል ወደ ክፍል ሽቅብ ይወጣል። ብዙ የሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎች በጋራ ይጠቀሙበት ነበር፤ ኪዮቶ ስለ ጭስ ሕግ ካጠበቀች በኋላ ግን እሳት አልነካውም። እቶኑን ከዚህ ያህል ቅርበት ማየት፣ መሬቱ ላይ የቀረውን ጥቀርሻ ማየት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ማሰሮ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

ካዋይ መንግሥት ሊሰጠው ያሰበውን «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» የሚለውን ማዕረግ አልቀበልም ያለ ሰው ነው። ቤቱም እንደዚያው ነው። ለመታየት አይጣጣርም። ከ1973 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ትንሽ ናት፣ በአንድ ሰዓት ትጨርሷታላችሁ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከአምስቱ የምመክራችሁ ይህንን ነው፤ ሰው የኖረበት ቤት ስለሆነ ለልጅ ዓይንም ቶሎ ይገባል።

ኦያማዛኪ ቪላን ከሌሎቹ የሚለየው ቤቱን የሠራውና ዕቃውን የሰበሰበው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ቤቱ የካጋ ሾታሮ (1888–1954) ነበር። የኦሳካ ነጋዴ ነው፣ በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ሄዶ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ቁልቁል የቴምስን ወንዝ ያየው ትዝታ አልለቀቀውም። ሦስት ወንዞች የሚገናኙበትን ኮረብታ መርጦ በድሮ እንግሊዝ ቤቶች ዓይነት፣ እንጨቱ በግድግዳው ላይ የሚታይ ቪላ አሠራ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቦታው ላይ አፓርታማ ሊሠራ ነው ተብሎ የአካባቢው ነዋሪ ተቃወመ። የኪዮቶ አስተዳደርና አሳሂ ቢራ ገብተውበት ቤቱ ተረፈ፣ በ1996 ሙዚየም ሆነ። ዕቃው የመጣው ከአሳሂ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ከያማሞቶ ታሜሳቡሮ ነው፤ እሱ የያናጊና የጓደኞቹ ደጋፊ ስለነበር የካዋይን፣ የሐማዳን፣ የእንግሊዛዊውን የበርናርድ ሊችን ሸክላዎች በብዛት ሰብስቧል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ አለ። አርክቴክቱ አንዶ ታዳኦ የኮረብታውን ገጽታ ላለማበላሸት አዲሱን ክፍል ከመሬት በታች ቀበረው። በሁለት የኮንክሪት ግድግዳዎች መሐል ረጅም ደረጃ ወርዳችሁ ክብ ክፍል ትገባላችሁ፤ የሞኔ የውኃ አበቦች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ወደ ቪላው ተመልሳችሁ ፎቅ ላይ ባለው የሻይ ክፍል በረንዳ ላይ ስትቀመጡ ደግሞ ወንዞቹ ከሩቅ ይታያሉ። ትንሽ ከሁሉም ለሚፈልግ ሰው፣ ወይም አንዱ ሥዕል አንዱ ሕንፃ የሚወድ ጥንድ ከሆናችሁ፣ ከዚህ የሚሻል የለም። ጄአር ከሚባለው የባቡር ድርጅት ያማዛኪ ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ግን ዳገት ነው፤ ለአዛውንቶች ሚኒባስ አለ።

አዳቺ ጋ ስመጣ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። አዳቺ ዘንኮ (1899–1990) በልጅነቱ ከሰል በጋሪ እየጎተተ የሠራ፣ ኋላ በንግድ የከበረ የያሱጊ ሰው ነው። በ1970 በትውልድ መንደሩ ሙዚየም ከፈተ። የዮኮያማ ታይካን ሥዕሎች ብቻ ወደ 120 አሉት። ዝናው ግን የአትክልት ቦታው ነው፣ 165,000 ካሬ ሜትር፤ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ከጃፓን አንደኛ ይለዋል። በእውነት ያምራል። ነጩ አሸዋ፣ የተቆረጡት ቁጥቋጦዎች፣ ከኋላ ያሉት እውነተኛ ተራሮች ተጋጥመው አንድ ሥዕል ይሆናሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ግድግዳው በተንጠልጣይ ሥዕል ቅርጽ ተቆርጦ ግቢው በዚያ ቀዳዳ ይታያል።

ግን ውስጡ አትገቡም። የምታዩት በመስታወት ነው። በጠጠሩ ላይ መሄድ፣ ቅጠል መንካት የለም። ለኔ ይህ ከባድ ነው፤ ኔዙ ግቢ ውስጥ ጭቃ እየረገጥኩ ብሄድ እመርጣለሁ። ግን እግር የሚያስቸግረው ሰው፣ በዝናብ ቀን የሚሄድ ሰው፣ ወላጆቹን ይዞ የሚሄድ ሰው ከአዳቺ የተመቸ አያገኝም፤ ዓመቱን ሙሉም ክፍት ነው። መንገዱ ሩቅ መሆኑን እወቁ። ከኦካያማ በያኩሞ ፈጣን ባቡር ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከያሱጊ ጣቢያ ደግሞ ነፃ አውቶቡስ። ከቶኪዮ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አታስቡት።

ስለ ቀን ደግሞ ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ተጎድቼበታለሁ። ከአዳቺ በቀር እነዚህ ሙዚየሞች በደንቡ ሰኞ ዝግ ናቸው። ሰኞ የሕዝብ በዓል ከሆነ ግን ይከፍቱና በማግስቱ ማክሰኞ ይዘጋሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ባቡር ተሳፍሬ አንድ ሙዚየም በር ላይ ደርሼ የተዘጋ ሰሌዳ አንብቤ ተመለስኩ። ሌላው፣ አንዱን ኤግዚቢሽን አንሥተው ሌላውን እስኪሰቅሉ ለሳምንታት የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ትልልቆቹ ሙዚየሞች እንዲህ አያደርጉም፣ ትንንሾቹ ግን ሠራተኛም ቦታም ስለሌላቸው ያደርጋሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የሙዚየሙን የቀን መቁጠሪያ ክፈቱ። አሮጌ መመሪያ ይዛችሁ «ሐራ ሙዚየም» የሚል ካያችሁም ዝለሉት፤ ቶኪዮ ሺናጋዋ የነበረው ያ ውብ ቤት በጃንዋሪ 2021 ተዘግቷል። ካልሲያችሁ ደግሞ ያልተቀደደ ይሁን፣ በብርድ ወቅት ከሆነ ወፍራም፤ የድሮ የእንጨት ወለል ይቀዘቅዛል።

ቶኪዮ ላይ አንድ ቅዳሜ ብቻ ላላችሁ፣ ያቺ ቅዳሜም የወሩ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ከሆነች፣ እንዲህ አድርጉ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ ሰዓት 10፣ ሚንጌይካን ሲከፈት ድረሱ። ከሺቡያ በኬኦ ኢኖካሺራ መስመር በሁለተኛው ጣቢያ፣ ኮማባ ቶዳይማኤ ላይ ወርዳችሁ 7 ደቂቃ በእግር ነው። መጀመሪያ ዋናውን ሕንፃ፣ ከዚያ ማዶ ያለውን ቤት እዩ። ምሳ በልታችሁ ወደ ሺቡያ ተመለሱ፣ በጊንዛ መስመር አንድ ጣቢያ ሂዳችሁ ኦሞቴሳንዶ ውረዱና 8 ደቂቃ ያህል ተራምዳችሁ ኔዙ ግቡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ከወርቅ ግርዶሽ በኋላ የገበሬ ሳህን ማየት ዓይን ያስቸግራል፣ ከገበሬ ሳህን በኋላ ግን ወርቁም በሌላ ዓይን ይታያል።

ኪዮቶ ላይ ከሆናችሁ ጠዋት ኬይሃን በሚባለው የባቡር መስመር ካለው የኪዮሚዙ-ጎጆ ጣቢያ በእግር ወደ ካዋይ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በጄአር ወደ ኦያማዛኪ። ጠዋት እቶኑን አይታችኋል፤ ከሰዓት ከእሱ እሳት የወጡትን ሸክላዎች ቢራ ሻጩ እንዴት እንደወደዳቸው ታያላችሁ። ሩቅ ሄዳችሁ አዳቺ ከደረሳችሁም፣ አትክልቱን አይታችሁ ቶሎ አትውጡ። የሸክላ ክፍሉን ጠይቁ። የካዋይ ማሰሮዎች እዚያም አሉ፣ በተወለደባት ከተማ።